ማርሲ በር ስታንኳኳ

ኤፕሪል 17

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ። በኮሌጃችን ሜዳ አራት ዓመት ነግሣ የኖረችው፣ ፎቶዋ በአዳራሹ መግቢያ ከእሳት ማጥፊያው በላይ የተሰቀለላት፣ የተጋጣሚ አሰልጣኞችን ፀጉር ያለ ዕድሜው ያሸበተችው ዕውቋ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዴልፊያ ስሎን፣ ባደረባት ድንገተኛ የሊግ ምርጫ ምክንያት ትናንት ማታ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። በምትኳም አንዲት የሉዊቪል ሄሮንስ ቡድን ጀማሪ በረዶ ተሸካሚ ተወልዳለች። ለቤተሰቦቿ መጽናናትን እንመኛለን።

ይህን ለእማዬ ባነብላት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ቁልፍ አንስታ "በሞት አይቀለድም" ብላኝ ወጣች። ወዲያው አንገቷን በበሩ መልሳ አስገባችና "ያልጨረስሽው ትምህርትስ? እሱንም አብረሽ ቀበርሽው?" አለች። እማዬ ቀልድ አትወድም ይላሉ። እኔ ታዲያ ከማን ወረስኩት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ማታ የሊጉ ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ መረጡ። እኛ ደግሞ በአጎቴ ክሌተስ ነዳጅ ማደያ፣ የሞተር ዘይት በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ተኮልኩለን በቴሌቪዥን እናያለን። የከተማችን የሶርል ፎርክ ግማሽ ሕዝብ እዚያ ነበር። መጀመሪያ የተጠሩት ልጆች ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ቀሚሳቸው ታየላቸው። የእኔ ስም የመጣው መጨረሻው አካባቢ ነው፤ ያኔ የሻምፑ ማስታወቂያ ተጀምሮ ስለነበር ስሜ በጽሑፍ ከሥር ሾልኮ አለፈ። ሰዉ ግን ጣሪያው እስኪነሣ ጮኸ። ዕድሜውን በሙሉ የድንጋይ ከሰል መኪና ሲነዳ ያለ ምክንያት ክላክስ አድርጎ የማያውቀው አባዬ፣ ወጥቶ የፒክአፑን ክላክስ ሰፈሩ እስኪደነቁር ተጫነው።

አንድ ነገር ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መመረጥ ማለት ቡድን ውስጥ መግባት አይደለም። ሄሮንስ ያለው አሥራ ሁለት ወንበር ነው፤ ለዝግጅት የምንጠራው ደግሞ አሥራ ስምንት ነን። የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይደርስ ስድስታችን ሻንጣችንን ይዘን እንመለሳለን። የሚመለሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሻምፑው ሥር ያለፉት ናቸው።

አጎቴ ክሌተስ መሰላል አውጥቶ የማደያውን ሰሌዳ ፊደላት ቀየረ፦ "ዴልፊያችን ፕሮፌሽናል ሆነች። ዘይት ለሚቀይር የመኪና እጥበት በነጻ።" መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ያኔ "አጎቴ፣ ገና እኮ ነው፤ ቆይ" ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "'ፕሮፌሽናል' የሚለው ወደ ግራ ተንጋዷል" ነው።

ኤፕሪል 20

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ፓስተሩ ለግራ እጄ ጸለየ።

እየቀለድኩ አይደለም። ዴልፊያ በቀኝ በኩል ካልሆነ ኳስ ይዛ ማለፍ እንደማትችል አውራጃው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ጉባኤው እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ግራ እጇን ፈውስላት አለ። ቀኝ እጄ እንዳትቀና ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ከጸሎቱ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አውቶቡስ ለመጀመሪያው ጨዋታ ሉዊቪል እንደሚሄድ ተነገረ። መቀመጫው ምሳ ሳይበላ አለቀ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍል ስታስወጣኝ የኖረችው ጡረተኛዋ መምህሬ ሚስ ኦፓል የፊቱን ወንበር ያዘች። "ያኔ በር ላይ ስላቆምኩሽ ነው ቁመትሽ የረዘመው" አለችኝ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኤፕሪል 21

አልነገርኳቸውም።

ኤፕሪል 27

ሉዊቪል። ዝግጅቱ ተጀመረ።

ሆቴል ውስጥ አብራኝ የተመደበችው ኢንግሪድ ትባላለች፣ የሚኔሶታ ልጅ ናት። እሷም እንደ እኔ አዲስ ናት። ጨዋነቷ ከቁመቷ ይበልጣል፤ ቁመቷ ደግሞ ከበሩ ይበልጣል። ከወንበር ጋር ስትጋጭ ወንበሩን ይቅርታ ትጠይቃለች። ዛሬ ቁም ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቃዋለች።

እዚህ ለአዲስ ተጫዋች የወጣለት ስም ጫጩት ነው። ጫጩት ጠዋት ዶናት ገዝታ ትመጣለች፤ የኳስ ከረጢት ትሸከማለች፤ ልምምድ ሲያልቅ ለተመደበችላት ነባር ተጫዋች በረዶ ክፍሏ ድረስ ታደርሳለች። ለእኔ የደረሰችኝ ኦክታቪያ ግሪር ናት።

ኦክታቪያ የሜምፊስ ሰው ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሊጉ ውስጥ አርጅታለች። ኳስ ማቀበል የተማርኩት የእሷን ጨዋታ በቴሌቪዥን እያየሁ ሶፋው ላይ በካልሲ ኳስ ነው። ይህንን አልነገርኳትም። ሌላም ነገር አለ፤ የምንጫወተው አንድ ቦታ ነው። ለዚያ ቦታ ቡድኑ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። አንደኛዋ ታሻ ናት፤ ታሻን የሚነቀንቃት የለም። ሁለተኛው ወንበር የኦክታቪያ ነው፣ ወይም የእኔ።

በረዶውን ይዤ ገባሁ።

"እትዬ፣ ከዘራዎን የት ላስቀምጥልዎ?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ይቺ የተራራ ፍየል ደግሞ ማን ናት?"

"ወንበርዎን ልወስድ የመጣሁ ነኝ።"

"ጎሽ። ስትወስጂው ትራሱንም ጨምሪበት። ጀርባ ይቆርጣል።"

ወድጃታለሁ እንዴ? አላውቅም። በረዶው ቀዝቃዛ ነበር።

ኤፕሪል 28

እግሬ የማን እንደሆነ አላውቅም። ኢንግሪድ የሻወሩን በር ገጭታ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔም ጠየቅኩት። እራት ዘልዬ ተኛሁ።

ኤፕሪል 30

ዛሬ ለኦክታቪያ ያመጣሁት ዶናት ውስጥ ሰናፍጭ ሞላሁበት። ከተበሳ ላስቲክ በጥንቃቄ ጨምቄ፣ ከላይ ስኳር ነስንሼ፣ የጥርስ ሐኪም እስክመስል። ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ሁሉም ጫማውን የሚያስር መስሎ ያያታል።

ነከሰች። አላመጠች። ዋጠች። ደገመች። ጣቷን ላሰችና "ሌላ የለሽም?" አለችኝ።

የለኝም አልኳት። ድምፄ የወጣው ከየት እንደሆነ እንጃ። ከሰዓት በኋላ ጠርሙሴን አንስቼ ውኃ ብጠጣ የባሕር ውኃ ነው። ጨው ያበዛበትን ሰው አላየሁም፤ ግን ሜዳው ማዶ አንዲት አሮጊት ጫማዋን ስታስር ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሜይ 2

ማርሲን ዛሬ በሥራዋ ላይ አየኋት።

ማርሲ የቡድኑ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ የሚንት ከረሜላ አይጠፋም፣ ሰውን ሁሉ "የኔ ማር" ትላለች፣ የሁላችንን የልደት ቀን በቃሏ ታውቃለች። ነባሮቹ ግን መልአከ ሞት ነው የሚሏት። ምክንያቱም አንዲት ተጫዋች ልትሰናበት ስትል አሰልጣኛችን ኮች ሬይበርን የምትልከው እሷን ነው። ከቁርስ በፊት በሩን ቀስ አድርጋ ታንኳኳና "የኔ ማር፣ ኮች ትፈልግሻለች። ታብሌትሽን ይዘሽ ነይ" ትላለች። ታብሌቱ ላይ የቡድኑ አጨዋወት በሙሉ አለ። ኮች ትፈልግሻለች ብቻ ከተባልሽ ቁጣ ነው፤ ትተርፊያለሽ። ታብሌት ከተጨመረበት ግን አለቀልሽ፣ ሻንጣሽን ፈልጊ።

ዛሬ ያንኳኳችው ከጎናችን ያለውን በር ነው። ዴዝሪ የምትባል የቴክሳስ ልጅ ነበረች፤ ስትስቅ ፎቁ በሙሉ ይሰማት ነበር። ቁርስ ላይ ወንበሯ ባዶ ነው። ስለ እሷ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ስለ እንቁላሉ ግን ብዙ ተወራ።

ኢንግሪድ ታብሌቷን ከትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ጀምራለች። ማርሲ ካላገኘችው የምትተዋት ይመስላታል መሰለኝ። ሳቅሁባት። የእኔ ታብሌት ከፍራሹ ሥር ነው፤ አቧራ እንዳይነካው ይሆናል።

ፍራሹ ሥር ግን አቧራው የባሰ ነው።

ሜይ 4

የመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ተደረገ። በቀኝ በኩል ንግሥት ነበርኩ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የዚያኛው ቡድን ተከላካዮች ነቁብኝ፤ ወደ ግራ እንደ በግ ነዱኝ፤ ኳሱን እንደ ምጽዋት አስረከብኳቸው።

ጂሙ ባዶ ሲሆን ኦክታቪያ ጠራችኝ። ቀኝ እጄን በቁምጣዬ ወገብ ውስጥ እንድሸጉጥ አዘዘችኝና በግራ ብቻ ከዳር እዳር አመላለሰችኝ። ኳሱ እግሬን መታኝ፣ አገጬን መታኝ፣ አንዴ ራሷን መታት። ቁጣ የለም። "እንደገና" ብቻ።

ሲደክመኝ ለምን እንደምታስተምረኝ ጠየቅኳት። ወንበሯን ልወስድ እንደመጣሁ በግልጽ ነግሬያታለሁ እኮ።

"ወንበሬን በአንድ እጇ የምትወስድ ሰው ከመጣች ያሳፍረኛል" አለች። "ቢያንስ በሁለት ውሰጂው።"

አባዬ ደወለ። ቲሸርት ሊያሳትሙ ነው፤ ቁጥሬን ጠየቀኝ። እውነተኛው ቁጥር የሚሰጠው ዝርዝሩ ሲያልቅ ነው፤ ለዝግጅት የታደለኝ ማንም የማይፈልገው ሃምሳ ሦስት ነው። ሃምሳ ሦስት አልኩት። በጣም ያማረ ቁጥር ነው አለ። አባዬ ቢነግሩት ዜሮም ያማረ ቁጥር ነው ይላል።

ይህን ጊዜ ነበር ልነግረው የሚገባኝ። ስልኩ ባትሪ ነበረው። እኔ ነኝ ያልነበረኝ።

ሜይ 5

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ለራሴም መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ተነስቼ በሮቹን በማርሲ አንኳኳክ አንኳኳሁ። ድምፄን አለስልሼ "የኔ ማር፣ ኮች ትፈልግሻለች፣ ታብሌትሽን ይዘሽ ነይ"። ታሻ በካልሲ አሳደደችኝ። ሌላዋ ትራስ ወረወረችብኝ። የራሳችንን በር ሳንኳኳ ኢንግሪድ ፊቷ ነጥቶ ከፈተችና "ዴልፊያ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እበቀልሻለሁ" አለችኝ። ሰው እንዲህ በትሕትና ሲዝት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ የኦክታቪያ በር ላይ ደረስኩ። አንኳኩቼ ገና ቃሉን ሳልጨርስ ተከፈተ።

ለብሳለች። ፀጉሯ ተሠርቷል። ከኋላዋ ሻንጣዋ ተዘግቶ ቆሟል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ታብሌቷ እጇ ላይ ነው፤ ገመዱ ሳይቀር ተጠቅልሏል።

አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ያንኳኳሁበትን እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በየዓመቱ በዝግጅት ጊዜ ጠዋት ጠዋት እንደዚህ ሆና እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። ዋንጫ በበሉበት ዓመት እንኳ። ሰዓቱ ካለፈ ሻንጣውን ትፈታለች፤ ማታ ደግሞ መልሳ ታስራለች።

"በፒጃማ አያሰናብቱኝም" አለች።

ክፍላችን ስመለስ ኢንግሪድ አሮጊቷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ተኝታ ነበር፣ አልከፈተችም አልኳት።

ሜይ 7

በረዶ ይዤ ስገባ ሱሪዋን አጥፋ ጉልበቷን ዘርግታ ነበር። ሌላ ጊዜ በፎጣ ትሸፍነው ነበር። ትንሽ ሐብሐብ አክሏል።

"ምን አየሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ጎበዝ።"

በረዶውን አሰርኩላት። እሷው እንደነገረችኝ ሁለት ቀን ካረፈ ይሟሽሻል፣ ወቅቱ ሲጀመር በጨዋታና በጨዋታ መካከል ዕረፍት አለ። የሚገድላት ይሄ በየቀኑ ሁለቴ የሚሮጥበት ዝግጅት ነው። ለሐኪሙ ካሳየች ኮች ትሰማለች፤ ኮች ከሰማች ማርሲ ትመጣለች። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። በራሷ አፍ በቃኝ ብላ መውጣት ነው የምትፈልገው፣ ሌላ ምንም።

ያው እኔም ምንም አልፈልግም። ወንበሯን ነው እንጂ።

ሜይ 9

ኮች ሬይበርን አስጠራችኝ። ታብሌት አልተባልኩም። ቢሆንም ኮሪደሩ ረዘመብኝ።

ኮች የሱፍ ፍሬ እየፈለጠች ነው የምታስበው፤ ጠረጴዛዋ ላይ የገለባው ክምር ሲያድግ ሐሳቧም ያድጋል ይባላል። ዛሬ ክምሩ ትልቅ ነበር። የቀሩት ሁለት ስንብቶች ናቸው፤ አንደኛው በእኛ ቦታ ነው። ይህንን ራሷ ነገረችኝ፣ ሰው እንዳላታልል ነው አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"በረዶ የምታደርሺላት አንቺ ነሽ። ጉልበቷ እንዴት ነው?"

እዚህ ላይ ልቁም። እኔ ዴልፊያ ስሎን ነኝ፤ በአውራጃችን ምስጢር ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ከእኔ አርቆ ያስቀምጣል። የአጎቴ ጥርስ ሰው ሠራሽ መሆኑን ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ውሸትም አልነበረም። ሐሜትም አልነበረም፤ ተጠይቄ ነው። አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ቲሸርቱ ታትሟል።

"እትዬን? ትናንት ሊፍቱ ሲዘገይባት በደረጃ ወጣች" አልኩ። "እኔ በሊፍት ሄጄ ቀደመችኝ።"

"በሊፍት ሄደሽ?"

"ኮች፣ ሊፍቱም እኮ የእሷ እኩያ ነው።"

ሳቀች። ገለባውን በእጇ ጠርጋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሂጂ አለችኝ።

አሁን ተጋድሜ እጽፋለሁ። ጅል። ጅል የጅል ልጅ፤ አይ፣ አባዬ ጅል አይደለም፣ በእኔ ነው የጀመረው። ምላሴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያዋርደኝ ኖሮ ሊጠቅመኝ በሚገባው ቀን አፉን ዘጋ። ለምን እንደዋሸሁ አልገባኝም። ምናልባት ቀልድ ለምዶብኝ ነው። ሰው በቁም ነገር ሲጠይቀኝ መቀለድ ልማዴ ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ኢንግሪድ መብራቱን ላጥፋ ወይ ትላለች፣ ይቅርታ እየጠየቀች።

ሜይ 10

የመጨረሻው የወዳጅነት ጨዋታ። ሁለት ጊዜ በግራ ሄድኩ። አንዱ ገባ። ሌላው የዳኛውን ሆድ መታ። በገባው ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር አንዲት ሰው ብድግ አለች፤ ጉልበቷን ረስታ መሆን አለበት።

ጥሩ ተጫውቻለሁ። እውነቴን ነው። በጣም ጥሩ።

ሜይ 12

ጠዋት ብነቃ የኢንግሪድ አልጋ ባዶ ነው። አሃ፣ ዛሬ ነው የምትበቀለኝ አልኩ። ቆይ ብቻ ብዬ አንሶላዬን ከራሴ እስከ እግሬ ተከናንቤ፣ በጥርስ ሳሙና ነጭ ጢም ሠርቼ ጠበቅኩ።

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

"ማርሲ" ብዬ ጮኽኩ ከውስጥ፣ "ሬሳው ገና አልታጠበም፣ ከምሳ በኋላ ነይ።"

ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፦ "የኔ ማር፣ ኮች ትፈልግሻለች።"

ኢንግሪድ ድምፅ መቅዳት መቻሏ አስደነቀኝ። ታብሌቱን አሳማ በልቶታል አልኩ። ኮች ከፈለገችኝ በግራ በኩል ትምጣ አልኩ። በሩን በርግጄ እንደ መንፈስ እጄን ዘርግቼ ወጣሁ።

ማርሲ ነበረች። እውነተኛዋ። ኢንግሪድ ለካ ዶናት ልትገዛ ወጥታ ነበር። የማርሲ ዓይን ቀልቷል፣ እጇ ላይ የሚንት ከረሜላ ይዛለች።

"ታብሌትሽን" አለችኝ። እኔ ነኝ ያቀፍኳት። ጢሜ ትከሻዋ ላይ ቀረ።

እትዬ በፒጃማ አያሰናብቱኝም አለች። እኔን በአንሶላ አሰናበቱኝ።

ኮች ረጅም ንግግር አላደረገችም። ጥሩ ነሽ፣ ግራሽ አንድ ዓመት ይቀረዋል፣ ተስፋ አትቁረጪ። ከዚያ ተነሥታ በሩን ስትከፍትልኝ "የኦክታቪያ ጉልበት ነበር የሚያሳስበኝ። አንቺ ነሽ ያረጋጋሽኝ" አለች።

"ምን ችግር አለው" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ

አባዬን በስልክ ነገርኩት። በቀልድ ጀመርኩ፣ ቀልዱ መሃል ላይ ተበጠሰ። "ቁርስ በልተሻል?" አለኝ። እየመጣሁ ነው አለ።

ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ መኪና ማቆሚያው ጋ ስጠብቀው ኦክታቪያ መጣች። አነከሰች፤ ሰው ሲያያት የምትሄደው ሌላ አካሄድ ነው።

"ኮች ስለ ጉልበቴ ጠይቃሽ ነበር አሉ።"

"ጠይቃኛለች።"

"ምን አልሻት?"

"እውነቱን ነዋ። አሮጊት ናት አልኳት።"

ከጎኔ መጥታ ቆመች። የመኪና ማቆሚያውን ጥበቃ፣ ወፎቹን፣ ሁሉን ነገር አየች፤ እኔን ብቻ አላየችም።

"አንቺ እኮ ጅል ነሽ" አለች።

"ሰሞኑን እየተባለ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እናገር ነበር። ይኼን እወቂ።"

"አውቄያለሁ። ለዚህ ነው እኮ አሥራ ሦስት ዓመት የቆዩት።"

ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ጭንቅላቴን በኋላ በኩል መታ አደረገችኝ፤ ጠንከር ያለ ነበር። የአባዬ ፒክአፕ እስኪመጣ ሳትሄድ ቆመች። ሻንጣዬን ያነሣችው እሷ ናት። ለጫጩት ሻንጣ የተሸከመ ነባር በታሪክ የለም። ለምን ዓይኔ እንደነደደኝ አላውቅም፤ ነፋስ ነበር።

ሜይ 13

መሰላሉን አጎቴ ክሌተስ ያዘልኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። የዚያን ያህል ብዙ ፊደል መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር። የቀረው፦ "ዘይት ለሚቀይር የመኪና እጥበት በነጻ።"

አጎቴ ከታች ሆኖ ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳቸው ጠየቀኝ። ደስ ብሏችሁ ነበር አልኩት። "እኛ እኮ ደስ ያለን በአንቺ ነው፣ በወንበሩ አይደለም" አለና ተናዶ መሰላሉን ነቀነቀው። ልወድቅ ነበር።

ሚስ ኦፓል ደወለች። ሳንድዊቹ ተሠርቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ እኔም ውስጡ እገባለሁ። ለእምቢታ ቦታ አልሰጠችኝም፤ በሦስተኛ ክፍልም አልነበራትም።

ሜይ 16

ከላይኛው ረድፍ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሃምሳ ሦስት ቁጥር ለብሶ ተቀመጠ። ሜዳው ላይ ሃምሳ ሦስት የለበሰ አንድም ሰው የለም። አካባቢያችን ያሉ ሰዎች ይህ ምን ዓይነት ማኅበር ነው እያሉ ይተያዩ ነበር። አጎቴ የጡረተኛ ሹፌሮች ነን አላቸው።

የሚስ ኦፓል የልጅ ልጅ ትንሿ ዊላ ከኋላዬ ሆና ፀጉሬን ጎተተች። ለምን ታች አልሆንሽም አለችኝ።

ሦስት ቀልድ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ጫማዬ ታጥቦ ነው። ወንበሩ ጠባብ ሆኖብኝ ነው። ከላይ ሆኜ ልመርቃቸው ነው።

"ሌላዋ በለጠችኝ" አልኳት።

"የቷ?"

አሳየኋት። ዊላ በጥሞና አየቻትና "አሮጊቷ?" አለች። አባዬ አፍንጫው ውስጥ ሶዳ ገባበት።

አሮጊቷ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ገባች፤ ያኔ ሄሮንስ በሰፊ ልዩነት እየተመሩ ነበር። ጉልበቷ ዐርፏል፤ ታየኝ። ኳሱን የት እንደምትልከው የሚያውቀው ኳሱ ራሱ ብቻ ነው የሚመስለው። ልዩነቱን እያጠበበች እያጠበበች አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀር፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጥፋት ተሠራባትና ቅጣት ምት ልትመታ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ እኛን ያየችን፦ የሃምሳ ሦስት ቁጥር መንጋ፣ ፓስተሩ፣ እማዬ፣ ሚስ ኦፓል ከነሳንድዊቿ፣ እኔ ከመካከል።

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው። እየሳቀች መታች። ኳሱ ብረቱን እንኳ ሳይነካ ስቶ ወደቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። እኔ ከቡድኑ ውጭ ሆኜም ጨዋታ እንደማበላሽ ኮች አሁን ገብቷታል። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አላዘነም፤ እማዬ ከሹፌሩ ጋር ስለ አነዳዱ ስትከራከር አደረች።

ሜይ 22

የአውራጃችን ጋዜጣ ዛሬ ወጣ። እማዬ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ፤ ከሥሩ የኮሌጁን የክረምት ትምህርት መመዝገቢያ ወረቀት ሸጉጣበታለች፣ ያላየሁ መስዬ ቡና ልረጭበት ሞከርኩ፣ ቀማችኝ። ወኪሌም ደውሎ ነበር። ከሴፕቴምበር ጀምሮ የስሎቫኪያ ቡድን ይፈልገኛል አለ፤ ከተማዋን ካርታ ላይ ፈልገን ያገኘናት አባዬና እኔ ነን፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ሥር ትገባለች። ወንዝ አላት። አባዬ ወንዙን አይቶ ደስ አለው።

ስንብቴን ጋዜጣው መጨረሻው ገጽ ላይ አገኘሁት፤ አራት መስመር ነው። ስሜን "ዴልፋ" ብለውታል። ከላዩ ግማሽ ገጽ የያዘው ፎቶ አንድ የማደያው ደንበኛ ሰኞ ዕለት ከግድቡ ያወጣው አምባዛ ዓሣ ነው፤ ሰውዬው በሁለት እጁ አቅፎት ወገቡ ተልምጧል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጋዜጣውን አዟዙሬ ደጋግሜ አየሁት። በመጨረሻ ግን ፍርድ ፍርድ ነው። አንዲት ልጅ በረዶ ከመሸከም ሥራ ተሰናበተች፤ ሌላዋ ወንበሯ ላይ ቆየች። ለዚህ ሁሉ ለቅሶ የሚበቃ ነገር አልነበረም፣ ቀላል ነገር ነው።

አምባዛው ግን እውነትም ትልቅ ነው።